የቼይንሶ ፒስተን፦ አሮጌውን መመርመር፣ አዲሱን መምረጥና መግጠም

ቼይንሶ የሚባለው የሞተር መጋዝ ፒስተን በደቂቃ ከ12,000 እስከ 14,000 ዙር በሚደርስ ሞተር ውስጥ ይመላለሳል። በ13,500 ዙር በየሰከንዱ 225 ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ብቻ ነው። የራሱ የዘይት ቋት የለውም፤ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተበጥብጦ የሚገባው ጥቂት ዘይት ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቫልቭ ስለሌለውም የነዳጅ መግቢያውንና የጭስ መውጫውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ራሱ የፒስተኑ ጎን ነው። ጎኑ የተፋቀ ፒስተን ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያጣል፤ እመቃውንም አተነፋፈሱንም።

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ መጋዙ የሚውልባቸው ሥራዎች ፒስተኑን የሚጎዱት በየራሳቸው መንገድ ነው። ያረጀ ቡና የሚጎነደለው ለቀማው ካበቃ በኋላ በደረቁ ወራት ሲሆን ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በሰያፍ ይቆረጣል። መጋዙ ከአፈሩ አጠገብ ሆኖ ቀኑን ሙሉ አቧራ ይስባል፤ አንዱ ግንድ በሰከንዶች ስለሚያልቅም ሞተሩ ጭነት ሳይኖረው ደጋግሞ ይጮኻል። ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ለጣውላ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ አቧራው ያንሳል፣ ነገር ግን ሞተሩ ለረጅም ደቂቃ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት በሙሉ ጭነት ይግላል። የሰሳና የብርብራ የጥላ ቅርንጫፍ ማሳሳት ከሁለቱም የቀለለ ነው። አንዱ መጋዝ ሦስቱንም ሥራ ሲሠራ የሚበላሽበት ምክንያት በቀላሉ አይለይም፤ የመጀመሪያው እርምጃ ይህን መለየት ነው።

አሮጌው ፒስተን ምን ይላል?

የቀደመው ለምን እንደሞተ ሳይታወቅ የተገጠመ ፒስተን፣ ምንም ዓይነት ሽፋን ቢኖረው፣ በዚያው ምክንያት ይሞታል። ለምርመራው ሞተሩን መፍታት አያስፈልግም። ማርሚታው ሲነሳ በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል የፒስተኑ ጎንና ፋሻዎቹ ይታያሉ። የማስነሻው ገመድ በቀስታ እየተሳበ፣ በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ይታያል። ካንዴላው ሲነቀል ደግሞ አናቱ ይታያል።

ቋሚ ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቀጠነ ድብልቅ ነው። ይህም ማለት አየሩ በዝቶ ነዳጁ፣ ከነዳጁም ጋር ዘይቱ አንሷል። የሚፈተሹት የካርቡራተሩ አቀማመጥ፣ የተሰነጠቀ የነዳጅ ጎማ፣ በሲሊንደሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮንና የክራንክሻፍቱ ኦይል ሲል ናቸው። ከሁለቱ የመጨረሻዎቹ አየር የሚያስገባ ሞተር ካርቡራተሩ በትክክል ቢስተካከልም ድብልቁ ቀጭን እንደሆነ ይቀራል። ዘይት ሳይጨመር የተቀዳ ቤንዚንም ተመሳሳይ ጭረት ያመጣል፤ ልዩነቱ በደቂቃዎች ውስጥ መጨረሱና ጭረቱ ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን መያዙ ነው።

በነዳጅ መግቢያው በኩል ያለው ጎን ደብዝዞ፣ ግራጫ ሆኖ፣ በፋብሪካ የተተዉት ስስ መስመሮች ጠፍተው ከተገኙ ጥፋቱ የአቧራ ነው። የአየር ማጣሪያው ተቀድዷል፣ ጠርዙ ላይ በደንብ አልተቀመጠም ወይም ጭራሹን ተነስቷል። በጉንደላ ወቅት በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው።

በፒስተኑ ዙሪያ በአራት ቦታ የሚታይ ቋሚ ጭረት ከሙቀት አያያዝ ጋር ይያያዛል። ሞተሩ ሳይሞቅ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ቀድሞ አብጧል፤ አለዚያም የሲሊንደሩ የማቀዝቀዣ ክንፎች በዘይትና በመጋዝ ብናኝ ተደፍነዋል። አናቱ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት ወይም ጠርዙ የተበላ ፒስተን ግን ስለ ቤንዚኑ ይናገራል። ነዳጅ ሲጠፋ በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ሊደባለቅበት ይችላል። ነጭ ጋዝ የኦክቴን መጠኑ ዝቅተኛ ስለሆነ ድብልቁ ከካንዴላው እሳት ውጭ በራሱ ይፈነዳል፤ ፍንዳታው አናቱን ይመታል፣ ሙቀቱም ይቀልጠዋል። ፈተናው ቀላል ነው። ዘይት ከመጨመሩ በፊት ጥቂት ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ይደረጋል፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ምልክት አይተውም፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ግን የቅባት ነጠብጣብ ያስቀራል።

የእመቃ ጌጅ ካለ ከመፍታት በፊት ይለካበታል። ንባቡ የሚተረጎመው ግን ለከፍታው ታስቦ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በባሕር ጠለል 10 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ጅማ ላይ ወደ 8 ባር ያሳያል። ይህን ያላሰበ ሰው ደህና ሞተር ይፈታል።

አፈታትና የሲሊንደር ምርመራ

ሲሊንደሩ ከመነሳቱ በፊት መጋዙ ከውጭ በደንብ ይጸዳል። ሲሊንደሩ እንደወጣ የክራንክሻፍቱ ቤት አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል፤ እዚያ የገባ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ወይም የፒን መያዣ ቀለበት አዲሱን ሥራ ከንቱ ያደርጋል። በፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው የሚያመለክት መሆኑ በዚህ ጊዜ ይታያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከፒስተኑም የሚበልጥ ነው፦ የሲሊንደሩ ውስጥ በምን ተሸፍኗል? ፒስተን የሚመረጠው ከሚፋተገው ግድግዳ ጋር ተጣምሮ እንጂ ለብቻው አይደለም። አብዛኛው የሙያ መጋዝ ሲሊንደር ከአሉሚኒየም ተሠርቶ ውስጡ በጠንካራ ክሮም ወይም በኒኬልና በሲሊከን ካርባይድ ቅልቅል የተለበጠ ነው። ሁለተኛው፣ ኒካሲል የሚባለው፣ ማህሌ የተሰኘው የጀርመን ኩባንያ በ1967 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ለሮታሪ ሞተር ያወጣው ሲሆን በኒኬሉ ውስጥ የተበተኑት የሲሊከን ካርባይድ ቅንጣቶች መፋቅን ይቋቋማሉ፣ በመካከላቸውም ዘይት ይያዛል። የልባጡ ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ክሮም የሚታወቀው እንደ መስታወት በሚያብለጨልጭ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ መልኩ ነው፤ ኒካሲል ግራጫ ሆኖ የተጠላለፉ ስስ መስመሮች ይታዩበታል። ማግኔት አጥብቆ የሚይዘው ከሆነ ግን ውስጡ የብረት ቱቦ የተገጠመለት ነው።

ይህ ልዩነት በየከተማው ለሚገኘው የባጃጅና የሞተር ሳይክል ጥገና ልማድ ትልቅ ጉዳይ ነው። ባለ ብረት ቱቦ ሲሊንደር ሲፋቅ ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይሰፋል፣ ከፍ ያለ መጠን ያለው ፒስተንም ይገባለታል። በልባጥ የተሠራ ሲሊንደር እንዲህ አይደረግም። የቶርኖው ምላጭ ልባጡን ገፎ ባዶ አሉሚኒየም ያስቀራል፤ አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ላይ ሲፋተግ ደግሞ ወዲያው ይጣበቃል።

በግድግዳው ላይ የሚታይ ጭረት ሁሉ የልባጥ ጉዳት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከፒስተኑ ቀልጦ የተለጠፈ አሉሚኒየም ነው። ጥፍር ሲሄድበት ወደ ላይ ያበጠ ከሆነ ተለጣፊ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ጉድጓድ ከሆነ ልባጡ ሄዷል። ተለጣፊውን ለማስለቀቅ ለሳሙና ሥራ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ በውኃ ተሟሙቶ በጥጥ እንጨት በጭረቱ ላይ ብቻ ይቀባል። አሉሚኒየሙን ሲያገኝ አረፋ ያወጣል። አረፋው ሲቆም በውኃ ይታጠባል፣ አስፈላጊ ከሆነም ይደገማል። አረፋው ጨርሶ የማይቆም ከሆነ ሶዳው ልባጡን አልፎ የሲሊንደሩን አካል እየበላ ነው፤ ያ ሲሊንደር አገልግሎቱን ጨርሷል። በአንዳንድ ቦታ ለዚህ ሥራ የሚወሰደው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክሮምን ራሱን ስለሚያሟሟ የልባጡ ዓይነት ባልተረጋገጠበት ሁኔታ አይመከርም። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው፤ ሥራው ከቤት ውጭ ይከናወናል፤ ሶዳው ውኃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃው ሶዳ ላይ አይገለበጥም።

የፒስተኑ ቅይጥ

ንጹሕ አሉሚኒየም ቀላልና ሙቀት አስተላላፊ ቢሆንም ለፒስተን አይሆንም። ሲሞቅ በጣም ያብጣል፣ ለስላሳም ነው። ሁለቱንም ጉድለት የሚያርመው ሲሊከን ነው። ዲያሜትሩ 50 ሚሊሜትር የሆነ የንጹሕ አሉሚኒየም ክብ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 0.23 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። 12 በመቶ ያህል ሲሊከን ያለው ቅይጥ ወደ 0.20፣ 18 በመቶ ያለው ወደ 0.18 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በፒስተንና በግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ራሱ የሚለካው በ1 ሚሊሜትር መቶኛዎች ነው።

የተለመደው ፒስተን 12 በመቶ አካባቢ ሲሊከን፣ ከእያንዳንዳቸው 1 በመቶ ያህል መዳብ፣ ኒኬልና ማግኒዚየም ያለው ቅይጥ ነው። መዳቡና ኒኬሉ ቅይጡ ሲግል ጥንካሬውን እንዳያጣ ይረዳሉ። ሲሊከኑ ከ12.6 በመቶ ሲያልፍ ትርፉ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ጠንካራ ቅንጣት ሆኖ ይቀመጣል፤ መፋቅን በተሻለ ይቋቋማል፣ ግን ቅይጡ ተሰባሪ ይሆናል። ለረጅም ሰዓት ጣውላ ለሚሰነጥቅ መጋዝ ሲሊከኑ የበዛው ይመረጣል፤ ለሌላው ሥራ የተለመደው ይበቃል። በመዶሻ ግፊት የተቀጠቀጠ ፒስተን በሻጋታ ከፈሰሰው ይልቅ ጠንካራ ነው ተብሎ በውድ ይሸጣል። እውነት ነው፣ በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ ይሁንና ለዚህ የሚውሉት ቅይጦች ብዙዎቹ ሲሊከናቸው ጥቂት ስለሆነ የበለጠ ያብጣሉ፣ ሰፊ ክፍተትም ይፈልጋሉ። የቡና አካባቢ መጋዝ ፒስተን በመሰንጠቅ ሳይሆን በመፋቅ ስለሚሞት ለዚህ የተከፈለ ተጨማሪ ገንዘብ ቦታውን የሳተ ነው።

ቅይጡን በዓይን መለየት አይቻልም። በገበያ ላይ የሚቻለው በሻጋታ የፈሰሰበትን ጥራት ማየት ነው፦ በፒኑ ቀዳዳ ዙሪያና ከውስጥ በኩል የአየር ቀዳዳ የሌለበት፣ የፋሻው ጎድጓዳ ጠርዙ የጠራ፣ ክብደቱ ለአሮጌው የቀረበ። ክራንክሻፍቱ የተመዘነው በመጀመሪያው ፒስተን ክብደት ስለሆነ ብዙ ልዩነት ያለው ፒስተን መጋዙን ያንቀጠቅጠዋል። የቡና ናሙና የሚመዘንበት የግራም ሚዛን ለዚህ በቂ ነው።

ሽፋኖቹ

በፒስተን ጎን ላይ የሚታየው ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ቅብ አብዛኛውን ጊዜ ግራፋይት ወይም ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ በሙጫ ተይዞ የተጋገረበት ነው። ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር ብዙ ጊዜ ከዚህ ሦስት እጥፍ ይወፍራል። ሁለቱም ደረቅ ማለስለሻ ናቸው። ጥቅማቸው በሁለት ጊዜ ይገኛል፦ አዲሱ ፒስተን ከግድግዳው ጋር ገና ሲላመድ፣ እና ዘይቱ ለአጭር ጊዜ ሲሳሳ። ከዚያ ውጭ ሥራ የለባቸውም። በዋጋ ብዙ የማይለያዩ ከሆነ ባለ ሽፋኑን መውሰድ ተገቢ ነው፤ የሚያብለጨልጨው ያልተቀባ ፒስተን ግን በመልኩ ብቻ አይጣልም።

የቆርቆሮ ልባጥ ብርማ ቀለም ያለው፣ ጥቂት ማይክሮን የሚሆን ለስላሳ ሽፋን ነው፤ ለመላመጃ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ጠንካራ አኖዳይዝ የሚባለው ከውጭ የሚለበጥ አይደለም፤ አሉሚኒየሙ ራሱ በኤሌክትሪክ ወደ ኦክሳይድ ይለወጣል፣ በአናቱና በፋሻው ጎድጓዳ ላይም መበላትን ይቀንሳል። በአናት ላይ የሚቀባው ሴራሚክ ሙቀት ወደ ፒስተኑ እንዳይገባ ይከላከላል። ለውድድር ሞተር የታሰበ ነውና ቡና ለሚጎነድል መጋዝ ሊገዛ የሚገባ አይደለም።

በክሮም የተለበጠ ፒስተን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው የተሠራው ግድግዳው ምንም ልባጥ ለሌለው፣ ባዶ የአሉሚኒየም ሲሊንደር ላላቸው አንዳንድ ቀላል መጋዞች ነው። በክሮም ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ክሮም ከክሮም ይፋተግና ሁለቱም ያልቃሉ። በተቃራኒው ያልተለበጠ ፒስተን በባዶ አሉሚኒየም ሲሊንደር ውስጥ ቢገባ በመጀመሪያው ቀን ይጣበቃል። ፋሻም እንዲሁ ነው፤ ለክሮም ሲሊንደር ፊቱ ክሮም ያልተቀባ የብረት ፋሻ ይገባል።

አቧራን የሚቋቋም ሽፋን የለም። በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከጠንካራ ክሮም የማይተናነስ ጥንካሬ አለው፤ ሙጫና ግራፋይትማ ለእርሱ ምንም አይደሉም። በጉንደላ ወራት የአየር ማጣሪያን በየቀኑ ማጠብ ከየትኛውም ሽፋን በላይ ፒስተን ያኖራል።

መለካትና መግጠም

ወደ ገበያ ሲኬድ አሮጌው ፒስተን አብሮ ይወሰዳል። በካሊፐር የሚለኩት ዲያሜትሩ፣ የፒኑ ዲያሜትር፣ ከፒኑ መሐል እስከ አናቱ ያለው ቁመትና የፋሻው ውፍረት ናቸው። የፋሻ ውፍረት ብዙ ጊዜ 1.2 ወይም 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ አንዱ በሌላው ጎድጓዳ አይተካም። ፒስተን ሙሉ ክብ እንዳልሆነ መታወስ አለበት። አናቱ የበለጠ ስለሚሞቅ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፣ ወደ ሞላላነትም ያደላል። ስለዚህ ዲያሜትሩ የሚወሰደው ከታችኛው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከፒኑ አቅጣጫ በተሻገረ መስመር ነው።

ፋሻው ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በፒስተኑ አናት እየተገፋ ቀጥ ይደረጋል፤ የጫፎቹ ክፍተት በስስ መለኪያ ይታያል። ለአዲስ ፋሻ 0.3 ሚሊሜትር አካባቢ ደህና ነው፤ 1 ሚሊሜትር ከደረሰ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ጫፎቹ ፈጽሞ የሚነካኩ ከሆነ ሲሞቅ ፋሻው ይሰበራል።

ሲገጠም ቀስቱ ወደ ጭስ መውጫው ይዞራል። በፋሻው ጎድጓዳ ውስጥ ያለችው ትንሽ ማቆሚያ በፋሻው ሁለት ጫፎች መካከል መግባት አለባት፤ ይህ ሲሳት ሲሊንደሩ ሲወርድ ፋሻው ይሰበራል ወይም በቀዳዳዎቹ ተይዞ ልባጡን ይገፍፋል። የፒን መያዣ ቀለበቶች ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። ፒስተኑ፣ ፒኑና ግድግዳው በቱ ስትሮክ ዘይት ይረጥባሉ። አዲስ ሲሊንደር አብሮ ከተገዛ፣ በተለይ ዋጋው የረከሰው፣ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ይዳሰሳል፤ ልባጡ ከዚያ ነው መላጥ የሚጀምረው፣ ስለታም ጠርዝም በመጀመሪያው ደቂቃ ሽፋኑን ይልጠዋል።

ነዳጅ፣ መላመጃና ከፍታ

ጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት በ50 ለ 1 ይበጠበጣል፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊሊትር ማለት ነው። ደረጃው ያልታወቀ ዘይት ሲሆን 25 ለ 1 ይደረጋል፣ ለ5 ሊትር 200 ሚሊሊትር። የመኪና ሞተር ዘይት ለዚህ አልተሠራም፤ አመድና ካርቦን ትቶ ፋሻውን በጎድጓዳው ውስጥ ያጣብቃል። ዘይት አብዝቶ ካርቡራተሩን ሳያስተካክሉ መተውም ድብልቁን ያቀጥነዋል፤ ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ይወስዳልና።

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ታንኮች ሞተሩ ያለ ጭነት ሙሉ ነዳጅ አይሰጠውም፣ ለጣውላ ስንጠቃም አይወጣም። ቅርንጫፍ ማሳሳት ጥሩ የመላመጃ ሥራ ነው። ከዚያ ማርሚታው እንደገና ይነሳና ጎኑ ይታያል። ጥቁሩ ሽፋን በሁለቱ ተጓዳኝ ጎኖች ላይ መሳሳቱ ተፈጥሯዊ ነው። ቋሚ ጭረት ከታየ ግን ሥራው ቆሞ ምክንያቱ ይፈለጋል።

ካርቡራተሩ የሚስተካከለው መጋዙ በሚሠራበት ቦታ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ይወፍራል፤ ሲወርዱ ይቀጥናል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የተስተካከለ መጋዝ ጅማ ሲደርስ 600 ሜትር ያህል ወርዷል፣ ስለዚህ ቀጥኗል። ጅማ ላይ ተስተካክሎ 1,200 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ቴፒ የሚላክም እንዲሁ፣ በዚያ ላይ የቆላው ሙቀት ይጨመርበታል። በእንዲህ ያለ ጉዞ ኤች የተጻፈበት ብሎን በጥቂቱ ወደ መክፈቻው ይዞራል፤ ሞተሩ ያለ ጭነት በሙሉ ነዳጅ ሲጮኽ ድምፁ በትንሹ የሚርገበገብ፣ እንጨት ሲነካ ግን የሚጠራ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። ጥርት ብሎ የሚያፏጭ ድምፅ ኃይል ቢመስልም የቀጠነ ድብልቅ ምልክት ነው። አቀማመጡን በኤሌክትሮኒክስ ራሳቸው የሚያስተካክሉ አዳዲስ መጋዞች ይህን ብሎን የላቸውም፤ እነርሱ አዲሱ ቦታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ በጭነት ሲሠሩ አቀማመጡን ያገኙታል።